ሦስት ሥራና አንድ ጀሪካን ባሕር

ሰው በአገሩ አንድ ሥራ ይንቃል፤ በሰው አገር ሦስት ሥራ ይለምናል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከዳዊትና ከአራተኛ ክፍል ደብተር አልፌ ብዙም አላነበብኩም። በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። በአገሬ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አንዱ መጥቶ «አባቴ፣ ውሻዬን ያንሸራሽሩልኝ» ቢለኝ ከፊቴ እስኪጠፋ ድረስ በዱላ እሸኘው ነበር። ናይሮቢ ላይ ግን «ስንት ውሻ ነው? ሁለት ከሆነማ የተሻለ ነው» አልኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ!

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ «ፈሪ» ይሉኛል፤ ስሙን ባያውቁት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ ይዤ እወጣለሁ። በሬን ዘግቼ ሃምሳ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ መዘጋቱን አያለሁ፤ አይቼ ስሄድ ደግሞ ያየሁት የዛሬውን ይሁን የትናንቱን እጠራጠራለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል ስሰማ የተናገሩት ስለ እኔ ቤት ይመስለኛል፤ እኛ ቤት ፈስሶ የተለቀመ ነገር የለም። ለማፍሰስ ደግሞ መጀመሪያ መቅዳት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህ ጥንቁቅ ሰው በዕድሜው አንድ ነገር ተመኘ፤ ባሕር ማየት። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ይህን የተረተው ሰው እኔን አልጠየቀኝም። እኔ ያላየሁት ባሕር ሲናፍቀኝ ነው ያረጀሁት። በጉልምስናዬ አሰብ ወርጄ ላየው ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ቀረሁ። በመጀመሪያው መንገዱ ጭቃ ነው አሉኝ፤ «ይድረቅ» አልኩ። በሁለተኛው ጦርነት ነው አሉኝ፤ «ይብረድ» አልኩ። በሦስተኛው ደርግ ወድቆ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ጦርነቱ በርዶ፣ በሶዬን አስፈጭቼ፣ ጫማዬን አስጠግኜ ስጨርስ ባሕሩ ራሱ ሌላ አገር ሆነ ብሎ ሬዲዮ ተናገረ። ሲያመነታ ገበያ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ። ሲያመነታ ሚስት ያመለጠችውም አውቃለሁ። ሲያመነታ ባሕር ያመለጠው ግን ከእኔ ሌላ የምታውቁት አለ?

ቁስሉን የነካካው ደግሞ ደምሴ ነው። ደምሴ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ፣ የልጅነት ጓደኛዬና የዕድሜ ልክ ተቃራኒዬ ነው። እኔ ዝናብ ይመጣል ካልኩ እሱ ገብሱን አውጥቶ ያሰጣል። ገብሱ ሲበሰብስም «ያንተ አፍ ነው ያመጣው» ይለኛል፤ ስንት ዘመን የሚቆርጠውን ሆዱን እንኳ በእኔ ያሳብባል። አንድ ቀን ማኅበር ተቀምጠን የባሕር ውሃ ጨው ነው ብዬ ተናገርኩ። ደምሴ ጽዋውን አስቀምጦ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ ውሃው ሁሉ ጨው ቢሆን የአፋር ሰው ግመል ጭኖ ምን ያደክመዋል? እሺ ይሁን፤ ዓሣው ዕድሜውን ጨው ውስጥ ኖሮ ሥጋው ለምን አልጫ ይሆናል?» አለኝ። የዓሣውን መልስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ዛሬም አላገኘሁም። ማኅበርተኛው ሳቀብኝ። እኔም ተናድጄ በአንድ ሙክት ተወራረድኩ። ደምሴ «አይተህ፣ ቀምሰህ፣ ምስክር ይዘህ ና፤ ያለዚያ አርፈህ ተቀመጥ» ብሎ ጨረሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምድር ላይ የቀረኝ ጉዳይ ሁለት ሆነ፤ ባሕር ማየትና ደምሴን ዝም ማሰኘት። ሁለተኛው የሚከብድ መሆኑን ደምሴን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

ዓመታት አለፉና ቀኝ ዓይኔን ሞራ ጋረደው። ልጄ ጌታቸው ናይሮቢ ውስጥ ከአንድ ያገራችን ሰው ጋራዥ መካኒክ ነው። «አባዬ፣ እዚህ ደህና ሐኪም አለ፤ ይምጡ» ብሎ ላከብኝ። ፓስፖርቴን በክር አንገቴ ላይ አሥሬ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ሞራውን ገፈፈው። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ጫማ ነው፤ ማሰሪያው ተፈትቶ ስለነበር እንዳይወድቅ ነገርኩት። ከዚያ ግን አሰብኩ። ዓይን ተገልጦ የሐኪም ጫማ ሊታይበት ነው? ባሕሩ እኮ ከዚያ የአንድ ቀን መንገድ ነው! ሞምባሳ የሚባል ከተማ፣ አውቶቡስ በር ድረስ የሚሄድለት።

ለጌታቸው በዘወርዋራ ነገርኩት፤ «ይህ አዲሱ ዓይን ሩቅ ሩቁን ያምረዋል» አልኩት። ገባው። «አባዬ፣ የዘንድሮው ለሕክምናው ወጣ። ለከርሞ ያድርሰን እንጂ እኔው ራሴ እወስድዎታለሁ» አለኝ። ልጁ ደግ ነው፤ ሚስትና ሁለት ሕፃናት አሉት፤ አልተቀየምኩም። ግን እኔ በ«ከርሞ» አንድ ባሕር ያለቀብኝ ሰው ነኝ። ሁለተኛም ከሚያልቅብኝ፣ ሠርቼ በራሴ ላብ ልሂድ አልኩ።

መጀመሪያ ሥራ የሰጡኝ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። የጎረቤታችን አገር የዓለም ከተማ ልጅ ናቸው፤ ከጋራዡ ጎን የሐበሻ ምግብ ቤት አላቸው። «አባባ፣ እርስዎ በሩ አጠገብ ይቀመጡልኝ» አሉ። «ተቀምጬ ምን ልሥራ?» አልኩ። «ተቀምጠው ሽማግሌ መሆን ነው» አሉ። ነገሩ ለካ ፈረንጅ ሲገባ የአገር ሽማግሌ በሩ ላይ ማየት ደስ ይለዋል። በርኖስ አለበሱኝ፣ ጭራ አስያዙኝ። ሽማግሌነቱን መንዝ ላይ ስንት ዓመት በነጻ ስሠራው ኖሬ እዚያ ምሳ ጭምር ከፈሉኝ።

ግን እኔ ዝም ብዬ ሽማግሌ መምሰል አልችልም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባልና ሚስት እየተጨቃጨቁ ገቡ። «ኑ ተቀመጡ፤ ማን ይጀምር?» አልኳቸው። ታረቁ። ወሬው ተሰማና ናይሮቢ ያለ የተጣላ ሐበሻ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ወይዘሮ ብርቄ አንድ ቀን ወገባቸውን ይዘው መጡ። «አባባ፣ የሚታረቅ ሰው እኮ አይበላም! ወንበሬን ይዞ ያለቅሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ተቃቅፎ ይሄዳል!» አሉኝ። እውነት ነው። ከዚያ በኋላ «እርቅ ማዕድ ካልቀረበበት አይጸናም» የሚል ሕግ አወጣሁ። ሕጉ እንኳ ያባቶቻችን ነው፤ እኔ ያደረግሁት የምግብ ዝርዝሩን ማቅረብ ብቻ ነው።

ይህ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ነው። ጠዋቱ ለምን ይባክናል? ጌታቸው መኪናቸውን የሚጠግንላቸው አንድ አሮጊት ፈረንጅ ነበሩ፤ ባልቴት ናቸው፣ ግቢያቸው ሣር ብቻ ነው። ሣር የሚያጭድ ይፈልጋሉ ሲባል ልቤ ዘለለ። እኔ እኮ በጎልማሳነቴ ጓሳን ከሚጠብቁት አንዱ ነበርኩ! ጓሳን ለማያውቅ ልንገር። የመንዝ ከፍታ ላይ ያለ የሣር አገር ነው፤ የሁላችንም ነው፣ ስለዚህ ማንም እንዳሻው አይነካውም። ሽማግሎች ሲዘጉት ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ አድጎ ለቤት ክዳን ሲደርስ እነሱው ይከፍቱታል። በተዘጋበት ጊዜ ማጭድ ይዞ የተገኘ ወዮለት። ይህን ሙያ ይዤ ባልቴቷ ፊት ስቆም የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

የባልቴቷ ጎረቤት ደግሞ አንድ ሕንድ ነጋዴ ነው፤ ሁለት ጥጃ የሚያካክሉ ውሾች አሉት። ባልቴቷ ዘንድ ስመላለስ አየኝና ጠዋት ጠዋት ውሾቹን የማንሸራሸሩን ሥራ ሰጠኝ። የምንሸራሸረው ማን እንደሆነ ግን እንጃ። እነሱ ይጎትታሉ፣ እኔ እከተላለሁ። ያገሬ ሰው ባያየኝ እንጂ በገመድ የሚሄደው እኔ ነበርኩ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ። እኔ ሦስት ወጣሁ።

ችግሩ የመጣው ከቅዱሳኑ ነው። መንዝ ላይ በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔዓለም፣ በበዓለ ወልድ ማጭድ አይነሣም። ቅዳሜና እሑድ አሉ። እኔ ደግሞ በሰው አገር በዓል ሽሬ በረዶ ቢመታኝ ማን ይጠይቅልኛል? ስለዚህ ሦስቱን ሥራ በጥንቃቄ አስቤ ደለደልኩት። ውሻ ማንሸራሸር ከብት እንደማገድ ነው፤ በበዓል አልተከለከለም። ማስታረቅ ጽድቅ ነው፤ እንዲያውም በበዓል ይበረታል። ሣር ማጨድ ግን ክልክል። ባልቴቷ ይህን በምን ይወቁ? እሳቸው በእንግሊዝኛ እኔ በአማርኛ እየተናገርን ሳንግባባ ነበር የተስማማነው። የቀረሁበትን ቀን በፈረንጅ ካላንደራቸው ላይ በቀይ እያከበቡ ሲመረምሩ ከረሙ። የእኛ አሥራ ሁለት የእነሱ ሃያ አንድ ነው፤ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሃያ ሁለት ይሆናል፤ የትኛው ሊቅ ይፈታዋል? በመጨረሻ የሚመላለስ ወባ አለበት ብለው ደመደሙና አንድ ጠርሙስ ክኒን ላኩልኝ። አንድም ቀን ወባ አልያዘኝም። የያዙኝ ጻድቃንና ሰማዕታት ናቸው።

ሣሩን እንዴት እንደያዝኩት ልንገራችሁ። የሚንጫጫ የማጨጃ መኪና ሰጡኝ፤ አልነካሁትም። ማጭድ አስገዛሁ። ያጨድኩትን ሊጥሉት ኖሯል! እህል ወጥቶ ሲጣል ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። እየገለባበጥኩ አደረቅሁት፣ እንደ አገሬ አድርጌ ጥግ ላይ ከመርኩት። ከዚያ ግቢውን ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን እንዲያርፍ ዘጋሁት፤ ችካል ተክዬ ዙሪያውን ገመድ ወጠርኩበት። ባልቴቷ ገመዱን አይተው ፈገግ አሉ። እኔም የተስማሙ መሰለኝ።

እንግዲህ ያች ቀን መጣች። ዕለቱ ገብርኤል ነው፤ ማጭድ የለም። ረቡዕም ነው፤ ጾም። ወይዘሮ ብርቄ ትልልቅ እንግዶች አሉብኝ ስላሉ ከጠዋቱ በርኖሴን ለብሼ፣ ጭራዬን ይዤ፣ ለመጠንቀቅ ጃንጥላዬንም ጨምሬ ውሾቹን ይዤ ወጣሁ። ሰማዩ ዳመነ። «ክምሩ ዝናብ ሊመታው ነው፤ ልየው» ብዬ ወደ ባልቴቷ ግቢ ጎራ አልኩ።

በሩን ስከፍት የማየውን ማመን አቃተኝ። የተዘጋው ሣሬ ላይ ሰው ሞልቷል! ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች ሹል ተረከዝ ባለው ጫማቸው ይወጉታል። ገመዴን ነቅለው ባለቀለም ወረቀት አንጠልጥለውበታል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አንድ ፊቱ የቀላ ወፍራም ሰውዬ ክምሬ አጠገብ ቆሞ ጭብጥ ሙሉ ሣር መዝዞ ያሸታል። ሌባ! ያ ሁሉ ዓመት ተረሳኝ። ናይሮቢ መሆኔ ተረሳኝ። ጓሳ ላይ እንደምንጮኸው «ሣሩ ክልክል ነው! ውጡ! ከሣሩ ውጡ!» ብዬ ጭራዬን ወደ ላይ አንሥቼ ጮህኩ።

ውሾቹ እነሱን ያዘዝኩ መሰላቸው። ገመዱን መንጭቀው ሄዱ። ሴቶቹ ወደ በረንዳው ሸሹ፣ ባርኔጣዎቹ ቀሩ። ውሾቹ ግን ሰው አልነኩም፤ ጠረጴዛው ላይ ወጡና የሥጋውን ሳንድዊች ሁሉ ጨረሱት። እኔ አሳዳሪያቸው ሆኜ በረቡዕ ጾም አስገደፍኳቸው።

ባልቴቷ ጌታቸውን በስልክ ከጋራዡ አስጠሩት። በቅባት እጁ መጥቶ መሐላችን ቆመ። «አባዬ፣ ይህ ሣር የማን ነው ይላሉ» አለኝ። «የእሳቸው ነዋ በላቸው! ስለዚህ አይደል የምጠብቅላቸው?» አልኩ። «ታዲያ ለምን እንግዶቼን ይከለክላል ይላሉ»። «ተዘግቷል በላቸው። እስኪደርስ አይረገጥም»። «መቼ ነው የሚደርሰው ይላሉ»። እኔም የማውቀውን ነገርኩት፤ «በሦስት ዓመት» አልኩ። ጌታቸው ቅባቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተረጎመ። ምን ብሎ እንደተረጎመ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። የባልቴቷ ትከሻ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣ እየሳቁ ኖሯል። እየሳቁ አሰናበቱኝ። ሕንዱም ውሾቹ የሰው ድግስ መብላት ለምደውብኛል ብሎ ሳይስቅ አሰናበተኝ። በአንድ ቀን ከሦስት ዛፍ ከሁለቱ ላይ ወደቅሁ።

ያ ፊቱ የቀላው ሰውዬ ግን አልሄደም። ጭብጡ ውስጥ ያለውን ሣር ደግሞ አሸተተና ለጌታቸው አንድ ነገር አለው። ለካ ፈረስ አርቢ ነው። «እንዲህ አረንጓዴነቱንና ሽታውን እንደያዘ የደረቀ ድርቆሽ አይቼ አላውቅም፤ ማነው ያደረቀው?» ነው የሚለው። ክምሩን እንዳለ ገዛው። ባልቴቷ ደግሞ እግዜር ይስጣቸው፣ ሣሩን ልንጥለው ነበር፣ የደከመበት እሱ ነው ብለው ዋጋውን ለእኔ ሰጡኝ። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ፤ የናይሮቢን ሣር ግን በመንዝ እጅ ነው። የሞምባሳው መንገድ በሣር ተከፈተ።

ጌታቸው ብቻዬን ሊሰደኝ አልሆነለትም፤ አብሮኝ ሄደ። ክንዴን ይዞ አሸዋው ላይ አቆመኝና «ያውልዎት፣ አባዬ» አለኝ።

ከጓሳ ጫፍ ቆሞ በጠዋት ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል። ጉሙ ቆላውን ሞልቶ እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ ይተኛል፤ ሰው የሚራመድበት ይመስላል። እኔም ባሕሩን ሳይ መጀመሪያ «ይኸማ የእኛ ጉም ነው» አልኩ። ልዩነቱ የእኛ ጉም ፀሐይ ሲሞቅ ይነሣል። ይህን ደግሞ ቆሜ ጠበቅሁት። ጌታቸው «አባዬ፣ እንቀመጥ» ቢለኝ እምቢ ብዬ ጠበቅሁት። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። አልተነሣም። ያን ጊዜ እውነት መሆኑ ገባኝና እንባዬ መጣ። ሐኪሙ ዓይንህን አትሽ ብሎኝ ስለነበር በጥንቃቄ አለቀስኩ።

ቀጥሎ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ጨው! ምላስ የሚያኮማትር ጨው! «ደምሴ፣ አለቀልህ!» ብዬ ጮህኩ፤ በአቅራቢያችን ይዋኙ የነበሩ ሰዎች ፈንጠር አሉ። ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ገዝቼ ሞላሁ። ክዳኑን አጥብቄ፣ ከሥሩ ላስቲክ አድርጌ፣ በላዩ በክር ጠፈርኩት። ገልብጬም አየሁት። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፤ ጠብ አላለም።

ሞያሌ ላይ ፈታሹ «ምንድነው ይሄ?» አለኝ። «ባሕር ነው» አልኩ። አረቄ የደበቅሁ መስሎት ከፍቶ አሸተተ፣ በጣቱ ቀመሰና እንትፍ አለ። «አባት፣ ጨው ፈልገው ነው? ጨው እኮ አገራችንም ሞልቷል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ የመንግሥት ምስክር አገኘሁ ማለት ነው። ክሩን መልሼ ጠፈርኩት።

ቤቴ ስደርስ ደምሴ የለም። ራቤል ከተማ ለለቅሶ ሄዷል፣ ነገ ይመጣል አሉኝ። ነገሩ ቀድሞ እንዳይደርሰውና ማምለጫ እንዳያዘጋጅ ስል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለሚስቴ ለአስካለ እንኳ። ጀሪካኑን ምሰሶው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩትና በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ምን ልታደርግ? ትሉኛላችሁ። የማሸንፈውን ሙክት የምጎትትበት ገመድ ልገዛ ነዋ! ጥንቁቅ ሰው ሙክት ከተረከበ በኋላ ገመድ አይፈልግም።

አዲሱን ገመድ በትከሻዬ አድርጌ ስመለስ ምሰሶው ባዶ ነው። ጀሪካኑ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተደፍቷል። «አስካለ! ምን አደረግሽው?» አልኩ። አስካለ እስከ ሦስተኛ ልጃችን ድረስ «አንቱ» ትለኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አመሌን አወቀችው። «ጠበሉን ነው? ለጎረቤቱ አዳረስኩታ!» አለችኝ። «የምን ጠበል?» ብል ወገቧን ይዛ ቆመች። «ከሰው አገር ድረስ ተሸክመህ አምጥተህ፣ በክር ጠፍረህ፣ ምሰሶ ላይ ሰቅለህ ስታበቃ፣ በሚካኤል ዕለት ብቻችንን እንድንጠጣው ኖሯል? በስተርጅናህ ንፉግ ሆንክ?» አለችኝ።

እናንተው ፍረዱ። ምን ብዬ ልቆጣት? መንዝ ላይ ሰው ውሃን በቢጫ ጀሪካን ከሩቅ አገር ተሸክሞ የሚመጣው ለሌላ ለምን ነገር ነው? ያውም ዕለቱ ሚካኤል! በባዶ ሆዱ ያልጠጣ ጎረቤት የለም። «ደምሴም ከለቅሶው ሌሊቱን ተጉዞ ሲነጋ ደረሰ። ያ ሆዱ ቆርጦት ተጣጥፎ ነበር፤ ሙሉ ጣሳ ሰጠሁት» አለችኝ።

ወደ ደምሴ ቤት በሩጫ ሄድኩ። ያ ሰው ሆዱን ሲያመው ስንት ዘመኑ ነው! መደብ ላይ ተጋድሟል፤ ከስቷል፣ ፊቱ ግን እንደ ፋሲካ ሌሊት ያበራል። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ጊዜ ከአጥር ኋላ ተመላልሷል። እጄን ይዞ ሳመው። «ወንድሜ፣ ጠረገው! ያ የስንት ዓመት ደዌ ተጠራርጎ ወጣ! ከየትኛው ደብር ነው ያመጣኸው?» አለኝ።

«ደምሴ፣ የጠጣኸው ባሕር ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተ ሰው፣ ለውርርድ ብለህ ጠበል ትክዳለህ? ባሕር ሰው ያድናል እንዴ?» አለኝ። «ጨው አልነበረም?» አልኩት። «ጨው ነዋ! ምላሴን እስኪያኮማትረኝ!» አለ። «እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን እኮ? ጠበል ጨው ሲሆን ማን ካደ? ቆላ ያለውን ጠጥቼው የለም? እኔ ውሸት ነው ያልኩት ባሕር ጨው ነው ማለትህን ነው!» አለኝ። ያን ለመሰለ ሰው መልስ ያለው ይምጣና ይሞክር። ማስረጃዬ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል፣ የመንግሥት ምስክሬ ሞያሌ ነው።

ሕሊናዬ ስላስጨነቀኝ ንስሐ አባቴ መምሬ ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ ሰዉ ባሕሩን ጠበል ብሎ ጠጥቶታል፤ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?» አልኳቸው። «ባሕርን የፈጠረ ማነው?» አሉኝ። «እግዚአብሔር» አልኩ። «እንግዲያስ ምን ትበጠብጠናለህ? ነግረኸዋል፣ አላመነህም፤ አበቃ» አሉ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠሩኝ። «ለመሆኑ እንጥፍጣፊ አልቀረም? ወገቤን ቢያሹኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

ወር ሳይሞላ ደምሴ በጠዋት አጥሬ ላይ ቆመ። «ገመድ አለህ አሉ፤ አውሰኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ምን እንደጎተተበት ታውቃላችሁ? ያን ሙክት! ሁለት ጠቦት ጨምሮ መሐል ሜዳ ወስዶ ሸጠው። ማታ ገመዴን ጠቅልሎ መለሰልኝና ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ሂድልኝ፤ ሁለት ጀሪካን አምጣልኝ። ያንን ደብርም ለእኔ ተሳለምልኝ» አለኝ። «ደምሴ፣ ባሕር ነው የምሄደው» አልኩት። «ባሕርህንም በዚያው እየው፤ እኔ ምን ከለከልኩህ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ ነገርኩት፤ ሦስተኛውን አስካለ ባለችበት፣ ለምስክር።

ፓስፖርቴን በክር አንገቴ ላይ መልሼ አሥሬያለሁ፤ ጃንጥላዬም ተጠግኗል። ይህን ጊዜ ውሻ አልጎትትም፣ የሰው ሣር አልዘጋም። ዘመናችሁን ሁሉ ባሕር ለማየት የምትመኙ ካላችሁ ከእኔ ተማሩ፤ በሰው አገር ሦስት ሥራ ከመያዝ፣ በአገር ቤት አንድ የማያምን ደምሴ መያዝ ይሻላል።